«ሰው ተሳስቷል»፦ የማሶንና የማልኮም ሙግት፣ የሰውን ቃል አሳጥሮና አርሞ ስለመጥቀስ

ሁለት ጥቅስ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። መጀመሪያ ከቴፕ የተገለበጠው። ተናጋሪው ጄፍሪ ማሶን ነው። አለቃው የነበሩት ዶክተር ኩርት አይስለር ከሥራ መሰናበቱን በዝምታ እንዲውጠው ሲለምኑት የተባባሉትን ለጋዜጠኛዋ ለጃኔት ማልኮም ይተርካል። «ለምን ብዬ?» ሲላቸው የመለሱለትን እንዲህ ያስታውሳል፦

«‹ክብር ያለው ነገር እሱ ስለሆነ፤ ደግሞም ከውርደት ትድናለህ። ማን ያውቃል፣ ነገሩን ፈጽሞ ሳታነሳ ፍርዳችንን በጸጥታና በትሕትና ከተቀበልክ፣ ማን ያውቃል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንመልስህ ይሆናል።› እንግዲህ፣ ሰው ተሳስቷል።»

ቀጥሎ መጽሔት ላይ የታተመው፦

«‹ክብር ያለው ነገር እሱ ስለሆነ።› እንግዲህ፣ ሰው ተሳስቷል።»

ከመሐል የወጣው በእንግሊዝኛው ሰላሳ ያህል ቃል ነው። የተጨመረ ቃል የለም፣ የተለወጠም የለም። ቃል መውጣቱን የሚያሳይ ሦስት ነጥብም (…) አልተደረገበትም። «ሰው ተሳስቷል» ማለት «የፈለገው ዓይነት ሰው እኔ አይደለሁም» ማለት ነው። በቴፑ ላይ ይህ መልስ የተሰጠው ለማባበያው ነው፤ «ዝም በል፣ እንመልስህ ይሆናል» ላሉት ሽማግሌ «በዚህ አትገዙኝም» ማለቱ ነው። በታተመው ግን መልሱ ክብር ከሚለው ቃል ጋር ተጣበቀ። አንባቢ የሚያገኘው «ክብር ለሚባል ነገር እኔ ሰውዬው አይደለሁም» የሚል ሰው ነው። አንዱ በጥቅም የማይደለል፣ ሌላው ክብር የማይገደው፤ ሁለቱም ከአንድ ሰው አፍ፣ በአንድ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባል። እነዚህን ቃላት ወደ አማርኛ ስንመልስ እኛም እጃችንን አስገብተናል። እንግሊዝኛው አንተና እርስዎን አይለይም፤ አይስለርን «አንተ» ያሰኘናቸው በዕድሜ ስለሚበልጡና እንደ ልጅ ያቀርቡት ስለነበር ነው። ማሶን ስለ እሳቸው ሲናገርም «ተሳስተዋል» ብሎ ሊተረጎም ይችል ነበር። «ተሳስቷል» ስንል እልሁን አጉልተነዋል። ትርጉም ሁሉ እንዲህ ያለ ምርጫ አለበት፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሶን በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሳንስክሪት ፕሮፌሰር ነበር። በ1970 በሲግመንድ ፍሮይድ ስልት የአእምሮ ሕክምና መሠልጠን ጀመረ፤ በዚያ መንገድ ከአይስለርና ከፍሮይድ ልጅ ከአና ፍሮይድ ጋር ተዋወቀ። አይስለር የፍሮይድን ደብዳቤዎችና ሰነዶች የሚጠብቀው የሲግመንድ ፍሮይድ ቤተ መዛግብት ኃላፊ ነበሩ። በ1980 ሁለቱ ማሶንን የቤተ መዛግብቱ የፕሮጀክት ዳይሬክተር አድርገው ቀጠሩት። በ1981 በኒው ሄቨን ከተማ ለባለሙያዎች ማኅበር ባነበበው ጽሑፍ የፍሮይድን አቋም በብርቱ ነቀፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። በ1982 የአሜሪካው መጽሔት የዘ ኒው ዮርከር ጸሐፊ ጃኔት ማልኮም ቃለ መጠይቅ ጠየቀችው። ከ40 ሰዓት የሚበልጥ ንግግር በቴፕ ተቀረጸ። ጽሑፉ በታኅሣሥ 1983 በሁለት ተከታታይ ዕትሞች ወጣ፣ በ1984ም በመጽሐፍ ታተመ። ብዙው ገጽ ማሶን በራሱ አንደበት፣ በረጅም ረጅም ጥቅስ የሚናገርበት ነው።

በ1984 ማሶን በስም ማጥፋት ከሰሰ። ክርክሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የተረፉት ስድስት ጥቅሶች ነበሩ። የሁሉም ደረጃ አንድ አይደለም። የቃል እርማት ልክ የት ላይ እንደሚያልፍ የሚታየውም ስድስቱን ለየብቻ ሲያዩ ነው።

በጣም የተወራለት «ምሁራዊ ጂጎሎ» የሚለው ነው። ጂጎሎ ሴቶች ገንዘብ እየሰጡ ለደስታቸው የሚያኖሩት ወንድ ነው። በታተመው ጽሑፍ ማሶን አይስለርና አና ፍሮይድ በቤታቸው እንደሚወዱት፣ በአደባባይ ግን እንደሚያፍሩበት ሲናገር ራሱን «ምሁራዊ ጂጎሎ» ብሎ ይጠራል። በቴፑ ላይ ይህ ቃል የለም። የሚቀርበው ንግግር ሳሎናቸው ውስጥ ለብቻው ሲሆን ይወዱት እንደነበር፣ በሙያው ተዋረድ ግን ገና ጀማሪ ስለነበር ትልልቆቹ አብረውት መታየት እንደማይፈልጉ የሚገልጽበት ነው፤ «በግል ሀብት፣ በአደባባይ ዕዳ» የሚል ይዘት አለው። ሐሳቡ ይቀራረባል። ግን ሌሎች ያሳነሱት ሰውና ራሱን በወሲብ ነጋዴ የመሰለ ሰው ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ማልኮም ቃሉ ከቴፕ ውጭ እንደተነገራት አጥብቃ ተከራከረች።

ሁለተኛው አና ፍሮይድ ይኖሩበት ስለነበረው፣ በለንደን ሜርስፊልድ ጋርደንስ ቁጥር 20 ስላለው ቤት ነው። በታተመው ማሶን ቤቱን የምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም «የወሲብ፣ የሴትና የደስታ ቦታ» ሊያደርገው ያስብ እንደነበር ይናገራል። በቴፑ ላይ ከአንድ የለንደን ባልደረባ ጋር እዚያ ድግስ ስለመደገስ፣ ሴቶችን ስለመቀባበል እየሳቀ ያወራል። ስለ ቤቱ ዋጋ ሲናገር ግን የሚያነሳው የፍሮይድን የግል ቤተ መጻሕፍትና በኅዳጋቸው የተጻፈባቸውን መጻሕፍት ነው። ለማሶን የሚያስመሰግን ቴፕ አይደለም። ቢሆንም የሁለት ወንዶች ጨዋታ ለአንድ ተቋም እንደታሰበ ዕቅድ ሲቀርብ የነገሩ ክብደት ይለወጣል።

ሦስተኛው ስለ ስሙ ነው። የታተመው፦ በ1975 የመሐል ስሙን ወደ ሙሳዬፍ የለወጠው «የተሻለ ስለሚሰማ» ነው። የቴፑ፦ አያቱ ፈረንሳይ ሳሉ ሙሳዬፍ የሚለውን የቤተሰብ ስም ወደ ማሶን የለወጡት አይሁድነታቸውን ለመሸሸግ ነበር፤ ማሶን ወደ ጥንቱ ስም የተመለሰው «ስለወደድኩት ብቻ» ነው፣ ወደ ሥር መመለስም ነበር፤ ሚስቱ ማንም አይጠራውም፣ ማንም አይጽፈውም ብላ ስለተቃወመች የመሐል ስም ሆኖ ቀረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከስድስቱ ይህን አንዱን በትርጉም ላይ ጉልህ ለውጥ አላመጣም ብሎ አስወጣው። በሕግ ሚዛን ልክ ነው፤ «ስለወደድኩት» እና «የተሻለ ስለሚሰማ» ማንንም አያዋርዱም። በሙያ ሥነ ምግባር ሚዛን ግን ጉድለት ነው። የስም መለወጥ ታሪክ እንዲህ በአንድ ሐረግ የሚታጠፍ አይደለም። እስራኤል ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም የተሰጣቸው ኢትዮጵያውያን አይሁድ ይህን ለማንም ሳያስረዱት ያውቁታል።

አራተኛው በኒው ሄቨኑ ጽሑፍ መጨረሻ ስለጨመረው ነቀፌታ ነው። በታተመው «ለምን እንዳስገባሁት አላውቅም» ይላል። በቴፑ ዓረፍተ ነገሩ ምናልባት ያለምክንያት የሚያስቀይም እንደነበር ያምናል፤ ሐሳቡን ግን እንደሚያምንበት ይናገራል። አምስተኛው ባለሙያዎቹ ወደፊት እሱን «ከፍሮይድ ቀጥሎ በዓለም ከኖሩት የአእምሮ ተንታኞች ሁሉ ትልቁ» ይሉታል የሚለው ነው። ስድስተኛው መግቢያው ላይ ያየነው «ሰው ተሳስቷል» ነው።

ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ የሚያስታውሰው በጂጎሎው ነው። ለእኛ ግን ከስድስቱ በጣም የሚያስተምረው ስድስተኛው ነው። ምሁራዊ ጂጎሎን የመሰለ ነገር ራሱን ያጋልጣል፦ ቴፑ ይፈለጋል፣ ቃሉ አለ ወይም የለም። ስድስተኛው ግን ቃል በቃል ሲመረመር እያንዳንዱ የታተመ ቃል ቴፑ ላይ አለ። ጠቃሽ በቅንነት ሲያሳጥርም እዚህ ጉድጓድ ይወድቃል፤ «አንዲት ቃል አልጨመርኩም» ብሎ ራሱን ስለሚያጽናና።

ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የሄደው መንገድ ረጅም ነው። የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ1987 ጉዳዩ ለጁሪ (ከሕዝብ ለተመረጡ ፈራጆች) ሳይቀርብ መዝገቡን ዘጋ። ይግባኝ ሰሚው በ1989 አጸናው፤ ጥቅሱ የተለወጠ ቢሆን እንኳ ተናጋሪው ለተናገረው አሻሚ ነገር ምክንያታዊ ትርጓሜ እስከሆነ ድረስ ጥበቃ አለው አለ። ዳኛ አሌክስ ኮዚንስኪ በብርቱ ተቃወሙ። ሰኔ 20 ቀን 1991 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ ናቸው።

የፍርዱ አካሄድ ለጠቃሽ ሁሉ ይጠቅማል። የጥቅስ ምልክት ለአንባቢ የሚነግረው ውስጡ ያለው የተናጋሪው የራሱ ቃል መሆኑን ነው። ሰው በገዛ አፉ ትዕቢቱን ወይም ነውሩን ሲናገር ሌላ ሰው ስለሱ ከሚናገረው ይልቅ ይታመናል፤ ማን በራሱ ላይ ይመሰክራል? ስለዚህ የፈጠራ ጥቅስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ ያልተደረገን ነገር እንደተደረገ አድርጎ፣ እንዲሁም ተናጋሪው እንዲህ ያለ ነገር በእንዲህ ያለ አነጋገር የሚናገር ሰው መሆኑን አስመስሎ። በሌላ በኩል፣ ከሰዋስው እርማት ያለፈ ለውጥ ሁሉ ሐሰት ነው የሚለውን የማሶንን ሐሳብ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። የተቀረጸ ንግግር እንኳ እንዳለ ሙሉ ለሙሉ የሚታተመው ከስንት አንዴ ነው። የተቀመጠው መለኪያ፦ ሆን ብሎ የተደረገ ለውጥ ለስም ማጥፋት የሚበቃው ንግግሩ በሚያስተላልፈው ትርጉም ላይ ጉልህ ለውጥ ሲያመጣ ነው። ፍርዱ ሌላም ነገር አስተውሏል፦ ጽሑፉ ጥቅሶቹ የጸሐፊዋ ማሳጠሪያ ወይም ማብራሪያ መሆናቸውን ለአንባቢ የሚጠቁም ነገር አልነበረውም። አምስቱ ጥቅሶች ወደ ጁሪ እንዲሄዱ ተመለሱ።

ዳኛ ባይረን ዋይት፣ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ተስማምተውላቸው፣ በከፊል ተለዩ። ሰውየው እንዳላለው እያወቁ «ብሏል» ማለት በራሱ እያወቁ ሐሰት መናገር ነው አሉ። በሕግ የኬኔዲ ሚዛን የተሻለ ይመስለናል፤ አለዚያ ጋዜጠኛ ለእያንዳንዷ «እ…» ሊከሰስ ነው። ለሥራ ጠረጴዛ ግን የዋይት መስመር ይሻላል። ከሚታወቁት የዜና ተቋማት አሶሺየትድ ፕሬስ ለጋዜጠኞቹ ያወጣው መመሪያ ከፍርድ ቤቱም የጠበቀ ነው፦ ጥቃቅን የሰዋስው ስሕተት ለማረም እንኳ ጥቅስ አይነካም፤ ካልተመቸ በራስ ቃል ይጻፋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍርድ የቴፕና የደብተር ታሪክ ነው። በ1993 በሳን ፍራንሲስኮ ጁሪ ተቀመጠ። ከአምስቱ ሁለቱ፣ ማለትም የሜርስፊልድ ጋርደንሱና «ሰው ተሳስቷል»፣ ስም ማጥፋት ናቸው አለ፤ በካሳው መጠን ግን መስማማት አልቻለም። መጽሔቱ ከተጠያቂነት ወጣ። በኅዳር 1994 ሁለተኛ ጁሪ ለማልኮም ፈረደ፤ በ1996 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። በመጨረሻ ያሸነፈችው እሷ ናት። ክሱ ከተመሠረተ ግን 12 ዓመት አልፎ ነበር።

ይህን ያህል ያስረዘመው አንድ የአሠራር ጉድለት ነው። ማልኮም ያለቴፕ የተነገራትን በእጅ ጽፋ እንደነበር፣ በኋላ በታይፕ እንደገለበጠችውና የእጅ ጽሑፉን እንደጣለችው ተናገረች። አንዳንዱ ንግግር በእግር ሲሄዱ፣ በመኪና ሲጓዙ፣ እሱ ኒውዮርክ ቤቷ እንግዳ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ወይም መቅረጫው ሲበላሽ የተደረገ ነው አለች። ማሶን ማስታወሻ ስትይዝ አላየሁም፣ መቅረጫው ተበላሸ ብላም አልነገረችኝም አለ። በታይፕ የተገለበጠ ወረቀት መቼ እንደተጻፈ አይመሰክርም። በ1995 በበጋ ቤቷ የሁለት ዓመት የልጅ ልጇ ከመደርደሪያ ባወጣችው ቀይ ደብተር ውስጥ ከአወዛጋቢዎቹ ሦስቱ፣ ምሁራዊ ጂጎሎም ጭምር፣ በእጅ ተጽፈው ተገኙ ብላ በመሐላ አስታወቀች። ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር።

ሌላው በክርክሩ የወጣው የማሰባሰብ ልማድ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ባለው ሼ ፓኒስ ምግብ ቤት በአንድ ምሳ የተነገረ የሚመስለው ረጅም ንግግር በተለያየ ጊዜና ቦታ ከተነገሩ ቃሎች የተሰፋ መሆኑን ማልኮም አልካደችም። የቴፕን ዝብርቅ ወደሚነበብ ንግግር መመለስ የጸሐፊ ሥራ ነው ብላ ተሟገተች። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ የሰው ንግግር እንዳለ ሲገለበጥ በእርግጥ ተናጋሪውን ከሆነው በላይ ደንቆሮ ያስመስለዋል። ግን በአንድ ምሳ ላይ የፈሰሰ ራስን የማወደስ ንግግርና በወራት ልዩነት የተንጠባጠበ ንግግር ስለ ተናጋሪው የሚናገሩት አንድ አይደለም። አንባቢም እንደተሰፋ አልተነገረውም።

ከዚህ ሁሉ ወደ አማርኛ ሥራችን ስንመጣ መጀመሪያ የሚገጥመን የቋንቋው ጠባይ ነው። አማርኛ የሰውን ቃል ሲያወራ የተናጋሪውን «እኔ» እንደያዘ ያወራል፤ «እመጣለሁ አለ» ስንል ምልክት ሳናደርግ ቀጥተኛ ንግግር ነው። ስለዚህ ማጠቃለያና ጥቅስ በቀላሉ ይደባለቃሉ። መጥበቅና መላላት በፊደል ስለማይታይ ደግሞ ይብሳል። «ከበደ አልመጣም አለ» የሚለውን ጻፉና አንብቡት። ከበደ «አልመጣም» አለ ከሆነ እምቢ ያለው ከበደ ነው። «ከበደ አልመጣም» አለ ከሆነ ሌላ ሰው ስለ ከበደ መቅረት ተናግሯል። በድምፅ ልዩነቱ «ጣ» ላይ ነው፤ በጽሑፍ ያለው መለያ የጥቅስ ምልክቱ ብቻ ነው። ምልክቱን ለጌጥ የሚረጭ ጸሐፊ ይህን ብቸኛ መለያ ያጠፋል። የእርስዎ ማጠቃለያ ከሆነ «እንደማይመጣ ተናገረ» ብለው ያለምልክት ይጻፉ።

ሲያሳጥሩ ምን ይወጣል? «እ…»፣ «እንትን»፣ «ምንድነው የሚባለው»፣ ተጀምሮ የተተወ ዓረፍተ ነገር፣ የተደጋገመ ቃል። እነዚህ ያለሦስት ነጥብ ቢወጡ ማንንም አይጎዱም፤ ተናጋሪው ለማሰብ የወሰደው ጊዜ ራሱ ቁም ነገር ካልሆነ በስተቀር። የማይወጡት ደግሞ ትንንሽ ስለሆኑ በቀላሉ ይጠረጋሉ፦ «ይመስለኛል»፣ «ምናልባት»፣ «እንደሰማሁት»፣ «አልፎ አልፎ»። «ገንዘቡን ይመስለኛል እነሱ ናቸው የወሰዱት» ካለ ሰው «ይመስለኛል»ን ያወጣ አራሚ ጥርጣሬን ወደ ክስ ለውጧል። «ምናምን» ሳይቀር ይጠበቃል። «ስብሰባ ምናምን ነበረን» ያለ ሰው ስብሰባ ስለመደረጉ ቃል የገባ አይደለም፤ «ስብሰባ ነበረን» ተብሎ ሲታተም ቃለ ጉባኤው የት አለ ተብሎ ይጠየቃል።

ቅንፍ የሚገባው ለአንባቢ የጠፋውን ለመሙላት ነው። «እሱ ነው ያዘዘን» የሚለው ማንን እንደሆነ ካልታወቀ «እሱ [ሥራ አስኪያጁ] ነው ያዘዘን» ይባል፤ «እሱ»ን አጥፍቶ መተካት አያስፈልግም። ማንነቱም ከዚያው ንግግር መረጋገጥ አለበት፣ በግምት አይሞላም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት በላይ ቅንፍ ካስፈለገ ጥቅሱን ትቶ በራስ ቃል መጻፍ ይሻላል።

የአክብሮት አነጋገር በጣም የሚበላሽበት ቦታ ነው። ተናጋሪው ስለ ባለሥልጣን «እሱ አያውቅም» ካለ፣ አራሚው ለጨዋነት «እሳቸው አያውቁም» ብሎ ይለውጠዋል። ጨዋነቱ የአራሚው እንጂ የተናጋሪው አይደለም። ንቀቱ ወይም ቅርበቱ ራሱ መረጃ ነው። ከጥቅስ ውጭ ጸሐፊው «እሳቸው» ይበል፤ በጥቅሱ ውስጥ ግን ተናጋሪው እንዳለው ይሁን። የጎጃም፣ የወሎ ወይም የጎንደር አነጋገርን ወደ አዲስ አበባ አማርኛ ማስተካከልም እንዲሁ ነው። የፊደል ግድፈት ይታረማል፤ ቃሉ ግን አይታረምም። ከሁሉም የሚከፋው አድልዎ ነው፦ የሚኒስትሩን ሰዋስው አቃንቶ የጉልት ነጋዴዋን እንዳለ ማተም። ካረሙ ለሁሉም ያርሙ፤ ካልሆነ ለማንም አያርሙ።

ሁለት ቦታ የተነገረን አንድ ላይ መስፋት ካስፈለገ ጥቅሱን ዘግቶ እንደገና መክፈት ነው። በመካከሉ «ሲል ተናገረ» ወይም ቀኑ ሌላ ከሆነ «በሌላ ቀን ደግሞ» ይግባ። ሦስት ነጥብ የሚያገለግለው በአንድ ትንፋሽ ከተነገረ ነገር መሐል ሲወጣ ነው፤ በማክሰኞና በዓርብ መካከል ያለውን ገደል አይሸፍንም።

መዝገብ አያያዙ የማሶን ጉዳይ በቀጥታ የሚያስተምረው ነው። ሁለት መቅረጫ ይያዝ፤ ስልክም አንዱ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ላይ ቀኑና ቦታው በድምፅ ይነገር፤ መቅረጫው ከቆመ «ቆሟል፣ በእጅ እየጻፍኩ ነው» ተብሎ ለተናጋሪው ይገለጽ። ያለቴፕ የተነገረው በሰዓቱ ውስጥ በደብተር ይጻፍ፤ ቃል በቃል የሚያስታውሱት ብቻ በጥቅስ ምልክት፣ ሌላው በማጠቃለያ። ከተተየበ በኋላ ደብተሩ አይጣል። በረቂቁ ላይ ከእያንዳንዱ ጥቅስ ጎን የቴፑ ሰዓት፣ ለምሳሌ 00:41:17፣ ይቀመጥ። አሳጥረው ከጨረሱ በኋላ ከዚያ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ወደኋላ፣ ሁለት ደቂቃ ወደፊት ይሰማ፤ «ሰው ተሳስቷል» የመሰለው ስሕተት የሚያዘው እዚያ ነው።

ለተናጋሪው ማንበብን በተመለከተ ማሶን ጥቅሶቹን እንዲያይ ጠይቆ ቃል ተገብቶለት እንደቀረ ተናግሯል፤ መጽሔቱ በበኩሉ አስተባብሏል። ጥቅስን በስልክ አንብቦ «እንዲህ ብለዋል፣ የሳትኩት አለ?» ማለት አንድ ነገር ነው፣ ተናጋሪው እንዲቆርጥና እንዲለውጥ ማስረከብ ሌላ ነገር ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በ2012 ምንጮች ጥቅሳቸውን ከንግግሩ በኋላ እንዲያጸድቁ መፍቀድን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ሲነበብለት ሰውየው «ቁጥሩ 15 ሳይሆን 50 ነው» ካለ ይስተካከላል። «እንዲህ ባላልኩ ኖሮ» ካለ ግን ቴፑ ይዳኛል፤ አዲሱ ሐሳቡ ከፈለገ በተጨማሪ ይጻፍለታል፣ አሮጌው ግን አይጠፋም።

ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ ጥቅስ በምልክት ውስጥ ሲገባ በየት ቋንቋ እንደተነገረ በአንድ ሐረግ ይጠቆም፤ የመጀመሪያው ቃልም በመዝገብ ይቀመጥ። አሻሚ ቃል ካለ፣ ለምሳሌ አንተና እርስዎን የማይለየው የእንግሊዝኛው «you»፣ ምርጫው የተርጓሚው መሆኑ ካስፈለገ ይገለጽ።

አሁን መግቢያው ላይ ያለውን ጥቅስ ለማሳጠር እንሞክር። ቦታ የለም፤ ሙሉው አይገባም። «ክብር ያለው ነገር እሱ ስለሆነ … እንግዲህ፣ ሰው ተሳስቷል» ብንል ሦስት ነጥቡ ቃል መውጣቱን ይነግራል፣ ትርጉሙ ግን አሁንም የተሳሳተው ነው። ምልክት ማድረግ ብቻውን አያድንም። የመጀመሪያውን ግማሽ ትተን «ፍርዳችንን በጸጥታና በትሕትና ከተቀበልክ … ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንመልስህ ይሆናል» የሚለውን ብንይዝ መልሱ ከማባበያው ጋር ይገናኛል፤ የአይስለር የክብር ልመና ግን ይጠፋል፣ በእሳቸውም ላይ ያዳላባቸዋል። ከቴፑ ጋር የሚሄደውና አጭሩ እንዲህ ነው፦

አይስለር ዝምታውን የክብር ጉዳይ አድርገው አቀረቡለት፤ ፍርዱን በጸጥታና በትሕትና ከተቀበለም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊመልሱት እንደሚችሉ ጠቆሙት። «እንግዲህ፣» ይላል ማሶን፣ «ሰው ተሳስቷል።»